ውሻው በማን እጅ ይውጣ?

በሥራ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣ በኒውዮርክ ወይም በሎንዶን መናፈሻ አጠገብ የሚያልፍ ሰው፣ አምስትና ስድስት ውሾች በገመድ ይዞ የሚሄድ አንድ መንገደኛ ማየቱ አይቀርም። ውሾቹ የዚያ ሰው አይደሉም። ጌቶቻቸው በዚያ ሰዓት በየመሥሪያ ቤታቸው ናቸው። እሱ የሰውን ውሻ ከየቤቱ እያወጣ፣ አናፍሶና አንሸራሽሮ ወደየቤቱ እየመለሰ በዚሁ ሥራ የሚተዳደር ሠራተኛ ነው።

ይህን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ የአገራችን ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም። «ደግሞ ለውሻ ሽርሽር ገንዘብ ይከፈላል?» ይላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ግን ከፈገግታ የሚያልፍ ቁም ነገር አለበት። ባለውሻው ለዚያ ሠራተኛ የሚያስረክበው የውሻውን ገመድ ብቻ አይደለም፤ የቤቱን ቁልፍም ነው። እሱ በሌለበት ሰዓት ቤቱ ይከፈታል፤ አብሮት የሚኖረው እንስሳ መኪና ወደሚርመሰመስበት መንገድ ይወጣል፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በሚመላለሱበት ሥፍራ ይዘዋወራል። እንግዲህ ማንን ማመን ይገባል? በአንድ ሰው እጅ ስንት ውሻ ቢያዝ ይበቃል? ጥፋትስ ቢደርስ ማን ይጠየቅበታል? እነዚህ ስለ አደራ፣ ስለ ፈቃድና ስለ ኃላፊነት የሚነሡ ጥያቄዎች ስለሆኑ፣ ውሻ ለሌለው ወጣትም ቢሆን ሊያስብባቸው የሚገቡ ናቸው።

ሥራው ከየት መጣ?

ውሻ ማንሸራሸር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ ሲነገር ስሙ በብዛት የሚነሣው ጂም በክ የተባለው የኒውዮርክ ሰው ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጭነቱን ትቶ፣ በማንሃተን ምሥራቃዊ ክፍል የሚኖሩትን የባለጸጎች ውሾች ማንሸራሸር ጀመረ። «የጂም በክ የውሾች ትምህርት ቤት» የተባለው ድርጅቱ እያደገ ሄዶ፣ ሁለት ደርዘን ያህል ረዳቶች ቀጥሮ በቀን ከ150 የሚበልጡ ውሾችን የሚያንሸራሽር ሆነ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2013 በ81 ዓመቱ ባረፈ ጊዜ፣ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የሕይወት ታሪኩን አትሞለታል።

ሥራው በእንዲህ ያለ ከተማ መስፋፋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የገጠር ውሻ ደጁ ሜዳ ነው፤ መንጋ ይከተላል፤ ጅብ ያባርራል፤ ደክሞት ይተኛል። የከተማ ፎቅ ውስጥ የሚኖር ውሻ ግን የሚጠብቀው በረት የለውም። ጌታው ከጧቱ በሁለት ሰዓት ወጥቶ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቢመለስ፣ እንስሳው አሥር ሰዓት ሙሉ በር በር እያየ ይውላል። ውሻ ወጥቶ መጸዳዳት አለበት፤ መሬት ማሽተት፣ መራመድና መሮጥም አለበት። ይህን ሳያገኝ የዋለ ውሻ ዕቃ ያኝካል፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ጎረቤት ያስመርራል። ብዙ ሰው ይህን የውሻው ክፋት ያደርገዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሥራ መፍታቱ ያመጣበት ነው።

አንዳንድ መንግሥታት ነገሩን እስከ ሕግ ድረስ አድርሰውታል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2020 የእርሻ ሚኒስትሯ ውሻ ሁሉ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ወደ ውጭ እንዲወጣ የሚያስገድድ ደንብ ባቀረቡ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ሰዓት ቆጥሮ አልወሰነም፤ ለውሻው በቂ የውጭ እንቅስቃሴ ይሰጠው ብሎ በደፈናው አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለአንዱ ውሻ በቂ የሆነው ለሌላው አይበቃም። የመምረጥም ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አገልግሎቱ ስንት ዓይነት ነው?

ውሻ ማንሸራሸር ሲባል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ በውስጡ ብዙ ዓይነት አለበት። የመጀመሪያው የብቻ ሽርሽር ነው። ሠራተኛው አንዱን ውሻ ብቻ፣ ወይም የአንድ ቤት ውሾችን ብቻ፣ ይዞ ይወጣል። ዋጋው ከሌላው ይበልጣል። ሆኖም ለፈሪ ውሻ፣ ከሌላ ውሻ ጋር ለማይስማማ፣ ላረጀና ለታመመ፣ ከሕመም ለሚያገግምም የሚስማማው ይኸው ነው። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላማ ከማያውቃቸው ውሾች ጋር ጨርሶ መቀላቀል የለበትም።

ሁለተኛው በከተማው ጎዳና ላይ በገመድ ታስሮ የሚደረግ የቡድን ሽርሽር ነው። ከዚህ የሚጠቀመው ጓደኛ የሚወድ፣ በገመድ መሄድ የለመደ፣ ጤናው የተሟላ ውሻ ነው። ዋጋው በብዙ ባለውሾች ስለሚከፈል ይቀንሳል።

ሦስተኛው በመኪና ተሰብስቦ ወደ ሜዳ ወይም ወደ ጫካ መሄድና እዚያ ከገመድ ተፈትቶ መሮጥ ነው። ጉልበቱ ለተረፈ ወጣት ውሻ ይህን የመሰለ ደስታ የለም። ግን ሲጠሩት ለማይመለስ ውሻ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። በተጨማሪም ውሻው ጊዜውን የሚያሳልፈው በሽርሽር ላይ ነው ወይስ ሌሎቹ እስኪሰበሰቡ በመኪና ውስጥ ነው? ይህን ሳይጠይቁ የሁለት ሰዓት ሽርሽር ገዛሁ ማለት አይቻልም።

አራተኛው የቀን ማቆያ ነው። ይህ በእውነቱ ሽርሽር አይደለም፤ ውሻው ከጧት እስከ ማታ ከሌሎች ጋር በአንድ ግቢ የሚውልበት ነው። ብቻውን መዋል ለማይችል ይጠቅማል፤ ጫጫታ ለሚያስጨንቀው ግን ቀኑን ሙሉ መከራ ይሆንበታል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም። ለጎረቤት ውሻ የተስማማው ለራስ ውሻ ላይስማማ ይችላል። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ሰዓት ይጠይቃል፤ ውሻውን በመጨረሻ ያስበዋል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

በአንድ እጅ ስንት ውሻ?

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የቁጥር ጥያቄ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው በውሻ ቁጥር ነው። በዚያችው አንድ ሰዓት አራት ውሻ ቢይዝ የአራት ዋጋ፣ ስምንት ቢይዝ የስምንት ዋጋ ያገኛል። ድካሙ እምብዛም ሳይጨምር ገቢው እጥፍ ይሆንለታል። ስለዚህ ፈተናው በሥራው ጠባይ ውስጥ ያለ እንጂ በሠራተኛው ክፋት የመጣ አይደለም። ከተሞችም በዚህ ምክንያት ገደብ ማውጣት ግድ ሆኖባቸዋል።

የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከሐምሌ 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አራትና ከዚያ በላይ የሰው ውሻ በክፍያ የሚያንሸራሽር ሁሉ የከተማውን ፈቃድ እንዲያወጣ፣ በአንድ ጊዜም ከስምንት እንዳይበልጥ ወሰነች። ፈቃዱን ለማግኘት ሥልጠና ወይም የሥራ ልምድ፣ ኢንሹራንስና የመኪና ምርመራ ያስፈልጋል። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስም ሥራው እንደ ደንበኛ ሙያ ከታወቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የዚያም ጣሪያ ስምንት ነው። በሎንዶን የንጉሣዊ መናፈሻዎች ግን አንድ ሰው ከአራት ውሻ በላይ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ውሻው ያው ውሻ፣ የሰውም እጅ ያው ሁለት ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ስምንት ሌላው አራት ያለው ለምንድን ነው? መልሱ ቁጥሩ በሳይንስ ተመዝኖ የተገኘ ሳይሆን ስምምነት መሆኑ ነው። በአንድ ወገን የሠራተኛው እንጀራ አለ፤ በሌላው ወገን የመንገደኛው ደኅንነት አለ፤ እያንዳንዱ ከተማ በሁለቱ መካከል የመሰለውን መስመር አሰመረ። መስመር መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ መቁጠር ይችላል እንጂ ጠባይ ማወቅ አይችልም። አራት ጉልበተኛ ውሾች ስምንት ትንንሽ ሽማግሌ ውሾችን በችግር ሊበልጡ ይችላሉ።

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከሎንዶን በስተደቡብ በኬተርሃም የደረሰው አደጋ አሳይቷል። አንዲት ወጣት ውሻ አንሸራሻሪ ስምንት ውሾች ይዛ ሳለ ተነክሳ ሕይወቷ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር በአንድ ሰው እጅ ስንት ውሻ ይያዝ የሚለው ጥያቄ በብርቱ ተነሥቷል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ አደጋ ላይ የሚወድቀው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሠራተኛው ራሱ ነው። በርካሽ ዋጋ ብዙ ውሻ እንዲይዝ የሚገፋፋው ባለውሻም ከዚህ ነገር ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።

ፈቃድና ደላላ

በእንግሊዝ አገር አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውሻ በክፍያ የሚያሳድርም ሆነ በቀን ማቆያ የሚያውል ሰው ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ያው ሰው ውሻውን መንገድ ለመንገድ ይዞ ለማንሸራሸር ግን ይህ ሕግ ፈቃድ አይጠይቀውም። በአጥር ውስጥ ለሚደረገው ፈቃድ ተጠየቀ፤ መኪናና ሕፃን ባለበት ጎዳና ለሚደረገው አልተጠየቀም። ግቢ አድራሻ አለው፤ ተቆጣጣሪ በሩን አንኳኩቶ ይገባል። የሚራመድ ሠራተኛ ግን የት ተገኝቶ ይመረመራል? መንግሥት ሊደርስበት የሚችለውን እንጂ አደገኛውን ሁሉ አይቆጣጠርም ማለት ነው። በአስተዳደር ሥራ ላይ ለሚሰማሩ ወጣቶች ይህ ከውሻ ያለፈ ትምህርት አለው።

በዚህ ላይ ሌላ አዲስ ነገር ተጨመረ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሲያትል ከተማ ሮቨር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም በሎስ አንጀለስ ዋግ የተባሉ ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ሥራቸው ባለውሻውንና አንሸራሻሪውን በእጅ ስልክ ማገናኘት ነው። በእኛ አነጋገር ደላላ ናቸው፤ ልዩነቱ ደላላው በጥላ ሥር ተቀምጦ ሳይሆን በስልክ ውስጥ መኖሩ ነው። ገበያውም ትንሽ አይደለም፤ ብላክስቶን የተባለው ትልቅ የገንዘብ ኩባንያ በ2024 ሮቨርን ሲገዛ የተስማማበት ዋጋ 2 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

የስልኩ ደላላ ጥቅም አለው። ሠራተኛ በቶሎ ይገኛል፤ ሌሎች ደንበኞች የሰጡት ምስክርነት ይነበባል፤ ውሻው የሄደበት መንገድ በካርታ ይታያል። ይሁን እንጂ ካርታው ውሻው የት እንደ ሄደ ይነግራል እንጂ እንዴት እንደ ተያዘ አይነግርም። ደግሞም እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ «እኛ አገናኝ ነን እንጂ አሠሪ አይደለንም» ይላሉ። በካሊፎርኒያ በ2019 የወጣው የሠራተኞች ሕግ እንኳ፣ በብዙ ሥራ ላይ «አሠሪ ነህና ኃላፊነትህን ተወጣ» ሲል፣ ውሻ ማንሸራሸርን በስም ጠቅሶ፣ አገናኝ ድርጅቶች የተወሰነ ሁኔታ ካሟሉ ከዚህ ግዴታ የሚወጡበትን በር ከፍቶላቸዋል። ስለዚህ በደላላ በኩል የመጣ ሠራተኛ መጥፎ ነው ባይባልም፣ የመመርመሩ ሥራ ከባለውሻው ጫንቃ ላይ አልወረደም።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን ነጥብ በግልጽ ያስቀምጠዋል። በ1991 የወጣው የአደገኛ ውሾች ሕግ፣ ውሻው ሰው ላይ አደጋ በሚጥልበት ሁኔታ ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ፣ ባለቤቱም በዚያ ሰዓት የያዘውም ሰው እንደሚጠየቁ ይደነግጋል። ባለቤቱ በቦታው ካልነበረ መከላከያ አለው፤ ይኸውም ውሻውን የሰጠሁት ለዚህ ሥራ ብቁና ተገቢ ነው ብዬ በበቂ ምክንያት ላመንሁት ሰው ነው ብሎ ማስረዳት ነው። ይህ ማለት ሕጉ ባለውሻውን «እንዴት መረጥህ?» ብሎ ይጠይቀዋል ማለት ነው። «ዋጋው ርካሽ ነበር» የሚለው መልስ በዳኛ ፊት የሚያኮራ አይሆንም።

ባለውሻው ምን ይጠይቅ?

እንግዲህ መምረጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ውሻውን ይወቅ። ሌላ ውሻ ሲያይ ጅራቱን ይቆላል ወይስ ወደ ኋላ ይላል? ሲጠሩት ይመለሳል? መኪና ያስደነግጠዋል? ይህን በሐቅ ሳይመልስ ሠራተኛ መፈለግ፣ የጫማ ቁጥር ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው። ጉድለቱን ከሠራተኛው የሚደብቅ ባለውሻም አደጋውን ራሱ ይጠራል።

ቀጥሎ ሠራተኛውን ይጠይቅ። በአንድ ጊዜ ስንት ውሻ ትይዛለህ? አንዱ ቢያመልጥህ የቀሩትን ምን ታደርጋቸዋለህ? በየቀኑ የምትመጣው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ትልካለህ? ቁልፉን የት ታስቀምጣለህ? ኢንሹራንስ አለህ? ከአንተ ጋር የሚወጡት ውሾች ተከትበዋል? ውሻው ቢታመም ወደ የትኛው ሐኪም ትወስደዋለህ? ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የማምለጡ ጥያቄ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ከዚህ በፊት አስቦበታልና ወዲያው ይመልሳል። «እኔን አምልጦኝ አያውቅም» የሚል ሰው ግን መልስ አልሰጠም።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ሽርሽር ሦስት ሆኖ ይደረግ፤ ባለቤቱ፣ ሠራተኛውና ውሻው። ከወረቀት ይልቅ በዚያ ግማሽ ሰዓት ብዙ ይታወቃል። ሠራተኛው ዓይኑ በስልኩ ላይ ነው ወይስ በውሻው ላይ? ገመዱን ሲይዝ ይጎትታል ወይስ ይመራል? በበጋ ፀሐይ አስፋልቱን በእጁ ጀርባ ዳስሶ ይፈትሻል? ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው ይበልጡን በማለክለክ ነውና፣ በተለይም እንደ ቡልዶግ ያሉት አፍንጫ ድፍጥጦች በሙቀት ቶሎ ይጎዳሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ለክረምት እንጂ ለበጋ አይሆንም።

በመጨረሻም ውሻው ራሱ ይመስክር። ሠራተኛው በሩን ሲያንኳኳ እየዘለለ የሚቀበለው ከሆነ መልካም ነው። ከሳምንታት በኋላ ከአልጋ ሥር የሚደበቅ ከሆነ ግን፣ በስልክ የተጻፈው ምስክርነት የቱንም ያህል ቢያማምር፣ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

ለእኛስ ምን ይጠቅማል?

በአገራችን ውሻ በአመዛኙ ዘበኛ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረትም የሚያየው ይህንኑ ሥራውን ነው። ብዙው የከተማ ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ይፈታል። ፎቅ ቤት እየበዛ ሲሄድ ግን በረንዳ ላይ የሚያድግ ውሻ እየመጣ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልበት አገር፣ ውሻን ማስከተብና በማን እጅ እንደሚወጣ ማወቅ የቅምጥልነት ጉዳይ አይደለም።

ሕጋችንም ስለ ነገሩ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ደንግጎ፣ ተከታዩ ቁጥር ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ የያዘውን ሰው ይመለከታል። ገመዱን የሰጠና የተቀበለ ሁለቱም በሕጉ ፊት ይታያሉ ማለት ነው።

በቋንቋችን ጠያቂ ያጣ ደም «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። የውሻ ደም ማንም የማይጠይቅበት ሆኖ ስለ ታየ ነው አነጋገሩ የመጣው። ዛሬ በነዚያ ከተሞች የሚደረገው ክርክር ሁሉ ሲጠቀለል ይህን አነጋገር የሚሽር ነው፤ በገመዱ ጫፍ ላለው ነፍስ አንድ ተጠያቂ ይኑር የሚል ነው። መንግሥት ቁጥር ይወስናል፤ ደላላው ስም ያቀርባል፤ ኢንሹራንስ ጉዳት ይክሳል። ውሻውን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። አደራ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የሚሰጠውን ነገር ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ ተቀባዩን ይምረጥ። ዋጋውን በመጨረሻ ቢጠይቅ አይጎዳም።